ትርሲት ከበረንዳ የወረደች ዕለት

ጎረቤት የሌለው ደራሲ የታደለ ነው። ያሻውን ይድራል፣ ያሻውን ያፋታል፣ ያሻውን ገድሎ እጁን ታጥቦ ምሳውን ይበላል፤ ጠያቂ የለበትም። እኔ ግን የምኖረው አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለሁላችን በሚበቃበት ግቢ ውስጥ ነው። “ይበቃል” ያልኩት ለጨዋነት ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ማስነጠስ እንኳ የግል ጉዳይ አይደለም፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከየቤቱ “ይማርህ” ይዘንባል። ሰው መግደልማ እንዴት ይደበቃል?

የገደልኩት እንኳ የራሴን ሰው ነበር። ይህን ስል ወደ ፖሊስ እንዳትሮጡብኝ። ያኔ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የዓመት ፈቃድ ወረቀት አዘጋጅ ነበር። በትርፍ ጊዜዬ፣ ማለትም አለቃዬ ስብሰባ በገባ ጊዜ (ያን ዘመን የምታስታውሱ ትርፍ ጊዜዬ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ትረዱኛላችሁ)፣ ለአንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ተከታታይ ድራማ እጽፋለሁ። ድራማው የተፈቀደልኝ “ስለ ስደት አስከፊነት ስለሚያስተምር” ነው። በዚያን ጊዜ ሳያስተምር የሚተላለፍ ነገር አልነበረም፤ የሳሙና ማስታወቂያ እንኳ ያስተምር ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ትርሲት ትባላለች፤ ቤተሰቧን ልትረዳ ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ።

ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያለው ከድር የሚባል የስልጤ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮኑን ባንኮኒው ላይ አውጥቶ ድምፁን ይለቀዋል፤ ሰፈሩም ጀሪካኑን እየገለበጠ ይቀመጣል። ድራማው እስኪያልቅ ስኳር አይመዘንም፣ ሳሙና አይወርድም። አንድ ቀን መጨረሻ ላይ የደራሲው ስም ሲጠራ ከድር ሚዛኑን ትቶ አየኝ። “አንተ? ይሄ ዱቤ የሚጠይቀኝ ሰውዬ?” አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧ ላይ ወረፋ ቀረልኝ። ሰዉ መንገድ ላይ ያስቆመኝና “ትርሲት እንዴት ናት?” ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ “ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነበር” እላለሁ። ባለቤቴ ታደለች በታይፎይድ ተኝታ በሰነበተችበት ሰሞን “ታደለች እንዴት ናት?” ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብዙ አልጠየቅኳትም። ትርሲት ሥራ በዝቶባት ነበር።

ከአድማጮቼ ሁሉ የሚበልጡት እማማ ብርቄ ናቸው። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱባቸው ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የእኔና የእሳቸው ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ እሱም ጭቃ ነው። አንዲት ልጃቸው ሰናይት ቤሩት ናት። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትደውል ነበር፤ ኋላ ለበዓል ለበዓል ብቻ ሆነ፤ ኋላ በዓሉም ያለ ስልክ መከበር ጀመረ። እሳቸው ስለዚህ ብዙ አያወሩም። ቅዳሜ ሲሆን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከድር አግዳሚ ላይ ቀድመው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ወደ ግድያው ልምጣ።

ትርሲትን ችግር ውስጥ ማስገባት ቀላል ነበር። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቀማቻት፤ አድማጭ አለቀሰ። ስልኳን ቀማቻት፤ አድማጭ ተንሰቀሰቀ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ኤርምያስ የሚባል ጎረምሳ “ጋሼ፣ አንጀት በላህ!” ሲለኝ ጊዜ በሩንም ቆለፍኩባት። ደስ ብሎኝ ሌላ ቁልፍ ጨመርኩ። ጨምሬ ጨምሬ መጨረሻ ላይ የምከፍትበት ለራሴም ጠፋኝ። የቀራት መውጫ በረንዳው ብቻ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ። ደራሲ ታሪኩ ሲተበተብበት ሁለት መፍትሔ አለው፤ አንደኛው ማሰብ ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ስብሰባ እንደገባ ከበረንዳው ጣልኳት። ከዚያ የፋብሪካው ክበብ ሄጄ ተጋቢኖ በላሁ። እንጀራም አስጨምሬያለሁ።

ወዲያው ተቀረጸ። ተዋናይቷ ስትወድቅ የጮኸችው ጩኸት ቴክኒሻኑን አስለቀሰው። ኤርምያስ “ሞት ያስተምራል፣ ጋሼ” ብሎ ጨበጠኝ።

የዚያን ቅዳሜ የተላለፈው ግን ገና የበረንዳው ክፍል ነበር። ትርሲት የበረንዳውን ብረት ተሻግራ ቆማለች፤ ከኋላ በሩ ሲከፈት ይሰማል፤ ሙዚቃ። አለቀ። ከድር ሱቅ ደጃፍ የተሰበሰበው ሁሉ ከጀሪካኑ ተነሳ።

“ምን አድርጋህ ነው እዚያ ላይ ያወጣሃት?” አለኝ ከድር።

“ታሪኩ ነው ያወጣት” አልኩ፣ እንደ ትልቅ ደራሲ።

“ታወርዳታለህ አይደል?”

“እናያለን” አልኩት፣ እንደ ሐኪም።

በማግስቱ ስኳር ስጠይቀው “አልመጣም” አለኝ። ጆንያው እግሩ ሥር ቆሞ ነበር። ታደለችም ራት ስታቀርብ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረገችና “ያቺን ልጅ አንድ ነገር ብታደርጋት ከዚህ ቤት እህል አትቀምስም” አለች። ትርሲት ሞታ፣ ተቀርጻ፣ ካሴቷ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

በሳምንቱ ውስጥ የአቦ ዕለት እማማ ብርቄ በራችን ላይ ቆሙ።

“ልጄ፣ ዛሬ ከሥራ መቅረት ትችላለህ? ሳሪስ አቦ አብረኸኝ ሂድ። መጀመሪያ ግን ከገበያ ጃንጥላ እንገዛለን። ዓይኔ ደክሟል፣ ቀለም ትመርጥልኛለህ።”

“ዝናብ መጣ እንዴ እማማ?”

“የምን ዝናብ! ለአቦዬ ነው። ተስያለሁ።”

“ለምን ጉዳይ?”

“ለትርሲት ነዋ! ከዚያ በረንዳ በደህና እንድትወርድልኝ።”

“ሞታለች እኮ” የሚለው ቃል እስከ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር። ግን መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ አሁን ረፍዷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ፈሪ ሰው ባህል ያከብራል።

“እማማ፣ ስለት እኮ የሚገባው ከደረሰ በኋላ ነው” አልኩ፣ ጉዞውን ላዘገይ።

“አቦዬ አሳፍረውኝ አያውቁም፤ ቀድሜ ባስገባ ምን ይለኛል? ደግሞ ልጅቷ ያለችው ብረት ላይ ነው። እስክትወርድ ብጠብቅ እጇ ይዝላል።”

ገበያ ሄድን። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ጃንጥላ መረጥኩላቸው። ለራሴ ሟች የስለት ዕቃ ቀለም ሳማርጥ የተሰማኝን ስሜት ለመግለጽ አማርኛ ቃል የለውም፤ ሌላውም ቋንቋ ያለው አይመስለኝም።

ከዚያ ሚኒባስ ገባን። ጃንጥላው ረጅም ስለሆነ በጉልበቶቼ መሀል አቁሜ ዘርፉ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ ተቀመጥኩ።

“እማማ፣ ይሄም ሰው ነው፤ ቦታ ይዟል” አለ ረዳቱ።

“ስለት ነው ልጄ። ትርሲት ከበረንዳ እንድትወርድ።”

የተሳፋሪው አንገት ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከዚያ ከኋላ ወንበር “የቅዳሜዋ ትርሲት?” የሚል ድምፅ መጣ።

“አዎ፣ እሷው። ደራሲውም ይኸውና!” ብለው ጠቆሙኝ፣ በኩራት። ጃንጥላውን ዘርግቼ ብደበቅበት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያማ ስብሰባ ሆነ። ቱታ የለበሰ ሰውዬ “ምን ያስቸግራል! አንሶላ ከአንሶላ ታስርና ትወርዳለች” አለ። ዘንቢል ያቀፈች ሴት ዞራ ገላመጠችው፤ “ምን አንሶላ አላት? ወጥ ቤት ወለል ላይ አይደል የምትተኛው? ድራማውን አትከታተልም እንዴ?” አለችው። እኔ ወጥ ቤት እንደምትተኛ ጭራሽ ረስቼው ነበር። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወት እያየኝ “ትጩህ! ጎረቤት ትጥራ!” አለ። ሁሉም “ልክ ነው፣ ትጩህ!” እያሉ ሳቁ።

መስኮት አጠገብ የተቀመጠች፣ እስካሁን ያልተናገረች ሴት ፊቷን ሳታዞር “ጮኻ ታውቃለች” አለች። “ጎረቤቱ መስኮቱን ነው የሚዘጋው።”

የሳቀው ሁሉ አፉን ሰበሰበ። እንዴት አወቅሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሳሪስ ስንወርድ ረዳቱ የእማማን ሒሳብ አልቀበልም አለ። የእኔን ተቀበለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሽበታም ቄስ ስለት ይቀበላሉ። እማማ ብርቄ ጃንጥላውን ስመው አስረከቡ።

“ስመ ክርስትናዋ ማን ይባላል?” አሉ ቄሱ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። “ስመ ክርስትናዋ ማነው?”

የትርሲትን ቁመት አውቃለሁ። አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ አውቃለሁ። ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረውን ዘፈን አውቃለሁ። ክርስትና ግን አላስነሳኋትም።

“ወለተ…” አልኩ፣ ላቤ ጆሮ ግንዴን ይዞ እየወረደ። “ወለተ…”

“አባቷ አንተ ነህ?” አሉኝ ቄሱ።

“እንደ አባት ነኝ።”

“እንደ አባት ደግሞ ምን ማለት ነው?”

ማስረዳት ግድ ሆነ። ከኋላችን ስለት ይዘው የተሰለፉት ሁሉ እየሰሙ፣ ልጅቷ የሬዲዮ መሆኗን፣ እኔ የጻፍኳት መሆኔን፣ በሕይወት የሌለች መሆኗን… “በሕይወት የሌለች” ስል ድምፄ ተሰበረ፤ ቄሱ ግን በሌላ ተረጎሙት።

“በልብ ወለድ ሰው ስም ጸሎት አይደረግም፣ እናቴ” አሉ በደግ ድምፅ።

እማማ ብርቄ አልተከራከሩም። የጠበቁት ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲያው ወለተ ሥላሴ ብለው ይጸልዩልኝ” አሉ።

“እሷ ማናት?”

“የእኔዋ ናት። ሰናይት።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ማብራሪያ ያለባቸው እሳቸው የሆኑ ይመስል፣ “እሷም እኮ ከበረንዳ ነበር የምትደውልልኝ” አሉ። “እመቤቲቱ እንዳትሰማት ልብስ ላሰጣ ብላ ወጥታ። ‘አራተኛ ፎቅ ነው እማዬ፣ ታች ሳይ ያዞረኛል’ ትለኝ ነበር። ነግሬህ የለ?”

ነግረውኛል። ቧንቧው ላይ፣ ጀሪካናቸው እስኪሞላ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ነግረውኛል። በረንዳው፣ ልብስ ማስጫው፣ አራተኛ ፎቁ፣ ማዞሩ፣ ሁሉም የሰናይት ነበር። እኔ እኮ ኤርምያስ “ይቺን በረንዳ ከየት አመጣሃት ጋሼ?” ሲለኝ ግንባሬን በጣቴ መታ መታ አድርጌ አሳይቼዋለሁ! የጎረቤቴን ልጅ በረንዳ ሰርቄ፣ የራሴን ልጅ ከላዩ ወርውሬ፣ ተጋቢኖ በልቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። የሳሪስ መሬት ደግሞ ጠንካራ ነው።

ስንወጣ ቄሱ እስከ በሩ ሸኙን። እማማ ቀደም ሲሉ ቄሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ለመሆኑ… ትወርዳለች?” አሉኝ።

“ትወርዳለች፣ አባ” አልኩ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያልኩት ስለሆነ እኔም ተሳልኩ ማለት ነው።

እማማን አቃቂ የሚሄድ ታክሲ ላይ አሳፍሬ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው በረርኩ።

“ኤርምያስ፣ ትርሲት ትነሳ!”

“ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ሞታለች። ተቀርጿል።”

“እንደገና ይቀረጻ።”

“ተዋናይቷ ለእህቷ ሰርግ ናዝሬት ሄዳለች።”

“ዝም ብላ ትዳን። ምንም አትናገር።”

“በሬዲዮ?”

ለመንኩት። ኤርምያስ ልቡ ቢራራም አንድ ነገር ላይ ድንጋይ ሆነ፤ ጩኸቷን አላስነካም አለ። እንዲያ ያለ ጩኸት በሕይወቱ ቀርጾ አያውቅም። ስለዚህ መውደቋ አይቀርም። የቀረን ጥያቄ ምን ላይ ትውደቅ የሚለው ነው። ሳር ላይ? አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ ላይ? የምን ውሃ? ኤርምያስ ድንገት ከወንበሩ ተነሳ። ዓይኑ አበራ።

“ስፖንሰራችን ማነው ጋሼ?”

ስፖንሰራችን የስፖንጅ ፍራሽ አምራች ነበር።

ዓመታት ሙሉ “ድንገተኛ አጋጣሚ የሰነፍ ደራሲ ምርኩዝ ነው” እያልኩ ሻይ ቤት ውስጥ ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣ ያን ዕለት ፍራሽ የጫነ አይሱዙ በቤሩት ጎዳና፣ በትርሲት በረንዳ ሥር፣ በዚያችው ቅጽበት እንዲያልፍ አደረግኩ። ሾፌሩን የሚጫወት ሰው ሲጠፋ ኤርምያስ ማይኩን ወደ እኔ አዞረው።

ቅዳሜ ደረሰ። ከድር ሱቅ ደጃፍ ላይ መቆሚያ የለም። ሬዲዮኑ ጮኸ። ያ ጩኸት! ሴቶቹ ጡታቸውን ያዙ። ከዚያ “ዷ!” የሚል ድምፅ፤ ኤርምያስ ትራስ በቡጢ መትቶ ነው። ከዚያ፣ መላው አቃቂ ሊስተው በማይችለው በእኔ ድምፅ፣ “ኧረ የአምላክ ያለህ! ከሰማይ ሰው ወረደ! እንኳንም ፍራሽ ጫንኩ! ደህና ናት! ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት!” ወዲያው የፍራሹ ማስታወቂያ ገባ።

ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ድራማው ሳያልቅ ሬዲዮኑን ዘጋው።

“ይሄ ሾፌር አንተ ነህ አይደል?”

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

“ቤሩት ድረስ ሄደህ አይሱዙ ያዝክ?” ሲል ሰፈሩ ፈነዳ። አንዱ ጀሪካኑ ላይ ተንከባለለ። ታደለች፣ የራሴ ሚስት፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ትንፈራፈራለች። ከሰኞ ጀምሮ ስሜ “ፍራሹ” ሆነ። ሚኒባስ ስገባ “አንጥፉለት!” ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ አለቃዬ በግምገማ ላይ “ጓዱ ሥራውን ያውቃል፤ ከነባራዊ ሁኔታ ጋር ግን ይራራቃል” ብሎ አስመዘገበብኝ።

በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል ግን አንድ እልልታ ነበር። እማማ ብርቄ አግዳሚው ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰው ሳቀ አልሳቀ ሳይሉ እልል ይሉ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኛ ቤት ገቡ። ታደለች ወንበር ሰጠቻቸው።

“ፍራሹን አልወደድኩትም” አሉ ገና ሳይቀመጡ።

“እኔም አልወደድኩትም፣ እማማ።”

“ግን ወረደች።”

“ወረደች።”

“ሰው ሳቀብህ። ግድ የለህም፣ ልጄ። አሁን ደግሞ ለእናቷ ታስደውላታለህ።” ወረቀት እንዳወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። “‘እማዬ፣ ደህና ነኝ’ ትበል መጀመሪያ። ከዚያ ‘በልተሻል ወይ?’ ትበላት፤ ሁልጊዜ እሱን ነው የምትጠይቀው። ከዚያ እናትየዋ ‘ምነው ልጄ፣ ይሄን ያህል ዝም አልሽኝ?’ ትላታለች።”

ያሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። በሕይወቴ ከራሴ አንድ ቃል ሳልጨምር ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

“ከዚያስ እማማ?”

“ከዚያማ እሷ ትመልሳለች።”

“ምን ብላ ትመልስ?”

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቁጣ ቢኖር በተሻለኝ።

“እሱን እኔ ባውቅ አንተ ጋ ምን አመጣኝ?” አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ መልስ ፈለግኩ። ዝም ያለች ልጅ ለእናቷ የምትሰጠውን ምክንያት ፈለግኩ። ስልኳን ቀምተዋት ይሆን? በሩን ቆልፈውባት ይሆን? የማውቃቸው ምክንያቶች ሁሉ እኔው ራሴ፣ እየተደሰትኩ፣ ትርሲት ላይ የቆለፍኳቸው ነበሩ። አንዱንም ለዚያች ሴት ጆሮ ማቅረብ አቃተኝ።

ቅዳሜ ትርሲት ደወለች። ተዋናይቷ ከሰርግ ተመልሳ ነበር። “ሃሎ፣ እማዬ፣ ደህና ነኝ። በልተሻል ወይ?” አለች። እናቷም “ምነው ልጄ፣ ይሄን ያህል ዝም አልሽኝ?” ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ቁርጥርጥ ያለ ቃል፣ ከዚያ ዝም።

“ምክንያት ሲያልቅበት መስመሩን ቆረጠው!” አለ ከድር፣ ሰፈሩም ሳቀ። አልተከራከርኩም፤ እውነቱን ነበር።

እማማ ብርቄ ግን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ዞረው ገሠጿቸው።

“ምን ያስቃችኋል? መስመሩ ነው። የእኔም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።”